የማያምም ቁስል፦ በወንድ ብልት ላይ ምልክት ሲታይ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይገባዋል?

ስለ ቤት ንጽሕና ሲነገር እናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ስለ ውሃ፣ ስለ ዝንብ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምድጃ ጢስ ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ከቤት ውስጥ በሽታዎች አንዳንዶቹ በልብስ ሥር ተሸሽገው የሚኖሩ ስለ ሆኑ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢጠረግ፣ እንስራው የቱንም ያህል ቢታጠብ አይወጡም። ከነዚህም አንዱ በአባወራው ብልት ላይ ታይቶ፣ «ምን ይሆን?» እየተባለ፣ ሳይጠየቅ የሚቀረው ምልክት ነው።

እናቶች ሆይ! ይህን ጽሑፍ ለእናንተ የምናቀርበው ነውር ለማውራት አይደለም። ምልክቱን አስቀድሞ የሚያየው ወንዱ ነው፤ ከባዱ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሚስቲቱና በማኅፀኗ ባለው ሕፃን ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ባልና ሚስት አብረው ቢያውቁት ይበጃል።

ለምሳሌ አንድ ገበሬ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በጥቅምት መጨረሻ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንበል። በኅዳር ወር በብልቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቁስል ያያል። አያምመውም፣ አያሳክከውም። «ምች ይሆናል» ብሎ ዝም ይላል። ገና ሳይደርስ ቁስሉ ራሱ ይደርቅና ይጠፋል። «ተመስገን!» ይላል። ሚስቱ በዚያው ወራት ታረግዛለች። በሰኔ ወር ምጥ ያለ ጊዜው ይመጣና ልጁ ሞቶ ይወለዳል። ጎረቤቱ ሁሉ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። የኅዳሯን ቁስል ግን የሚያስታውሳት የለም።

ይህን ያህል መከራ የሚያመጣ በሽታ በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ፣ ከሐኪም መርፌ በቀር ሌላ ነገር ባላስፈለገውም ነበር።

ጥርጣሬው ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው በዚህ አካሉ ላይ ምልክት አይቶ ለምን ዝም ይላል? ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ኀፍረት ነው። «ቂጥኛም ይሉኛል» ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው ምልክቶች እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ ነው፤ የእከክ እብጠትና የሌላ በሽታ ቁስል ላልተማረ ዓይን አንድ ይመስላል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን በሽታን በሕመም የመለካት ልማዳችን ነው። ጥርስ ሲጠዘጥዝ ሐኪም እንፈልጋለን፤ ሆድ ሲቆርጥ መድኀኒት እንጠይቃለን። «ካላመመኝ ምን አለብኝ?» እንላለን።

በዚህ አካል ላይ ግን ይህ መለኪያ ያሳስታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳክከው ነገር ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማያምመው ቁስል ደግሞ ልጅ የሚገድል ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ አለማመሙ ጤና ለመሆኑ ምስክር አይደለም፤ በራሱ መጥፋቱም መዳን ነው ማለት አይደለም።

በሽታ ያልሆኑ ምልክቶች

በመጀመሪያ የማያስፈራውን እንለይ። ጎልማሳ ወንድ ሁሉ አካሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

በብልት ራስ ዙሪያ፣ በአንገቱ ላይ፣ እንደ ጤፍ ቅንጣት የደቀቁና በረድፍ የተደረደሩ ነጫጭ ወይም ቆዳ መሰል ነጠብጣቦች የሚታዩባቸው ወንዶች አሉ። እንደዚሁም በቆዳው ሥር ቢጫማ ነጭ የሆኑ ጥቃቅን ፍሬዎች የሚታዩባቸው አሉ። እነዚህ ሁለቱ ተፈጥሮ ናቸው። ከሴት ወደ ወንድ፣ ከወንድ ወደ ሴት አይተላለፉም፤ መድኀኒትም አያስፈልጋቸውም። መለያቸው ለብዙ ጊዜ ሳይለወጡ መኖራቸው ነው፤ አይቆስሉም፣ ፈሳሽ የላቸውም።

ሸለፈት ባልተገረዘ ወንድ ላይ በሸለፈቱ ሥር የሚከማች ነጭ ነገርም አለ። ይህ ከቆዳ የሚረግፍና ከአካል የሚወጣ ወዝ ነው። በውሃ ታጥቦ የሚለቅ ከሆነ በሽታ አይደለም፤ ሳይታጠብ ሲከማች ግን ይሸታል፣ ቆዳውንም ያቆጣል።

ሕፃን ልጅ የሚያጥቡ እናቶች ደግሞ ይህን ይወቁ፤ ባልተገረዘ ሕፃን ላይ ሸለፈቱ ወደ ኋላ አለመሸሹ የተፈጥሮ ነው። በግድ መጎተት አይገባም፤ ይሰነጠቃል፣ ሲድንም ጠባሳው ያጠብበዋል። ከውጭ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ግርዛት በሚፈጸምበት ጊዜም መሣሪያው የተቀቀለና ለሌላ ሰው ያልዋለ፣ የገራዡም እጅ በሳሙና የታጠበ መሆን አለበት፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስገረዝ ነው።

ከንጽሕና ጉድለትና ከእከክ የሚመጡ

የብልት ራስ ሲቀላ፣ ሲያሳክክ፣ ሲያቃጥልና ነጭ እርሾ መሰል ነገር ሲይዝ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው አለመታጠብ፣ ወይም ቆዳ የሚያቆጣ ሳሙና፣ ወይም የሻጋታ ዘር የሆነ በሽታ ነው። በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ብዙውን ያድናል። የልብስ ሳሙና፣ ኦሞና በረኪና በዚህ ቆዳ ላይ አይደረጉም። በ1 ሳምንት ውስጥ ካልተሻለ፣ ወይም እየዳነ የሚመለስ ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። በተለይ ሰውየው ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጠማውና ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ከሆነ የስኳር በሽታ እንዳለበት ይመርመር፤ የስኳር በሽታ አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምልክት ራሱን ይገልጣልና።

እከክም በዚህ ቦታ ላይ ይወጣል። ጥቃቅን፣ የሚያሳክኩ እብጠቶች በብልትና በቆለጥ ከረጢት ላይ ይታያሉ። ወንዱም «ክፉ በሽታ ያዘኝ» ብሎ ይደነግጣል። መለያው እንዲህ ነው፦ ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል፤ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በብብት አካባቢም ይገኛል፤ ከቤተሰቡም ሌላ ሰው ያክከዋል። እከክን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቆዳ ቆፋሪ ተባይ ነው። አብሮ በመተኛትና በልብስ ስለሚተላለፍ፣ በቤት ያለው ሰው ሁሉ የሚያክከውም የማያክከውም በአንድ ቀን መድኀኒቱን መቀባት አለበት። አንዱ ቢቀር ነገ ለሁሉም መልሶ ያድላል። ልብሱና አንሶላው በሙቅ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ መታጠብ ካልቻለ በከረጢት ታስሮ ከ3 ቀን በላይ ይቀመጥ።

የሚያምም ቁስልና ፈሳሽ

ሽንት ሲሸና እንደ እሳት የሚያቃጥል፣ ከብልትም መግል የሚያወጣ በሽታ ጨብጥ ሊሆን ይችላል። ከተላላፊው ሩካቤ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይታያል። አንዳንድ ሰዎች «ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ስለ ሸና ነው» ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም። ድንጋዩም ፀሐዩም ጨብጥ የላቸውም፤ በሽታው የሚተላለፈው በሩካቤ ነው። ሌላም ተመሳሳይ ምልክት ያለው በሽታ ስላለ፣ ሐኪሙ ለሁለቱም የሚሆን መድኀኒት አብሮ ይሰጣል። ጨብጥ ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይታወቃት ትኖራለች። ስለዚህ ባል ብቻውን ቢታከም ነገሩ አላለቀም።

ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ መግል የያዘ፣ ሲነካ በጣም የሚያምም ቁስል፣ በብሽሽትም ላይ የሚያምም ንፍፊት ካለ ከርክር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ውሃ የቋጠሩ፣ በአንድነት የተሰበሰቡ፣ የሚያቃጥሉና ፈንድተው የሚቆስሉ፣ ድነውም ከወራት በኋላ የሚመለሱ ከሆኑ ደግሞ ሄርፒስ የሚባለው በሽታ ይሆናል። ሕመሙ ስለሚያስገድድ የነዚህ በሽተኞች ብዙዎቹ ወደ ሐኪም መሄዳቸው አይቀርም። የሚያሳስበን የማይሄደው ነው።

የማያምመው ቁስል

ቂጥኝ የሚባለው በሽታ ሲጀምር እንዲህ ነው። ከተላለፈ በኋላ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ፣ በብልት ላይ ቁስል ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ላዩ ንጹሕ፣ ጠርዙ ሲዳሰስ እንደ ቁልፍ ደንደን ያለ ነው። አያምምም። በብሽሽት ላይ ንፍፊት ይኖራል፤ እርሱም አያምምም። በሴት ላይ ይኸው ቁስል በማኅፀን በር ወይም በውስጥ ስለሚወጣ ጨርሶ ላታየው ትችላለች።

መድኀኒት ሳይደረግለት ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ቁስሉ ራሱ ይጠፋል። ሰውየውን የሚያታልለው ይህ ነው። ቁስሉ ጠፋ እንጂ ተሐዋሲው በደም ውስጥ ተሰራጭቷል። ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር በኋላ ሁለተኛው ምልክት ይመጣል። በገላ ላይ የማያሳክክ ሽፍታ፣ በተለይ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ፤ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የጠጕር መመልመል ይታያሉ። ይህም ደግሞ ራሱ ይጠፋል። ከዚያም በሽታው ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ሕክምና ካላገኙት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ በልብ፣ በአንጎልና በዓይን ላይ ይወጣል።

ይህን በሽታ የሚያመጣውን ተሐዋሲ በርሊን ላይ ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1905 ዓ.ም. አገኙት። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎች በባዜቃ ሲታከሙ፣ ብዙዎችን መድኀኒቱ ራሱ ይመርዛቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ፔኒሲሊን ለቂጥኝ ተሞክሮ እንደሚያድን ታወቀ። ዛሬም ይኸው መድኀኒት ያድናል። እንግዲህ ድንቁ ነገር ይህ ነው፦ በሽታው የቆየ፣ መድኀኒቱ የታወቀ፣ ሰው ግን በዝምታ ብቻ ይጎዳል።

ለእናትና ለሕፃን ያለው አደጋ

እርጉዝ ሴት ቂጥኝ ካለባት፣ ተሐዋሲው በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል። ጽንሱ ሊጨናገፍ፣ ልጁ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም ያለ ወሩ ሊወለድ ይችላል። በሕይወት የተወለደውም መጀመሪያ ደኅና መስሎ ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ፣ የማያቋርጥ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአጥንት ሕመም ሊታይበት ይችላል።

ይህን ለመከላከል እናት ማድረግ የሚገባት ነገር ከባድ አይደለም። እርግዝናዋ እንደ ታወቃት፣ 3 ወር ሳይሞላ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። በጣት ጫፍ ተወግቶ በሚወሰድ ጥቂት ደም ይታወቃል። ካለባት የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ መርፌው ቶሎ በተሰጠ መጠን ልጁ ይድናል። መርፌው ከመውለዷ በፊት ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ ዘግይታ የመጣች ግን «አልፎብኛል» ብላ አትቅር፤ እርሷም ልጇም ይታከማሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። ሚስት በእርግዝና ተመርምራ ትታከማለች፤ ባል ግን «እኔን ምንም አላመመኝም» ብሎ ይቀራል። በሽታውም ከእርሱ ወደ እርሷ ይመለሳል። አንድ ወንፊት ሁለት ቀዳዳ ቢኖረው አንዱን ብቻ መድፈን ምን ይጠቅማል?

መጠንጠርና መጣመም

አንዳንድ ወንድ፣ በተለይ ዕድሜው ከ40 በላይ የሆነ፣ በብልቱ ቆዳ ሥር ጠንካራ ነገር ይዳስሳል፤ ብልቱ በሚቆምበት ጊዜ ያምመዋል፣ ወደ አንድ ወገንም ይጣመማል። ይህን አይቶ «ቂጥኝ ነው» ወይም «ደግመውብኝ ነው» ብሎ የሚጨነቅ አለ። ሁለቱም አይደለም። በውስጥ ያለው ጅማት መሰል ሽፋን ላይ ጠባሳ ሲበቅል የሚመጣ ነው። ላ ፔሮኒ የተባለው ፈረንሳዊ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1743 ዓ.ም. ስለ ጻፈበት በሽታው በስሙ የፔሮኒ በሽታ ይባላል።

ይህ በሽታ አይተላለፍም፤ ሚስትን አይጎዳም፤ ነቀርሳም አይደለም። ሕመሙ በአብዛኛው በ1 ዓመት ወይም በ1 ዓመት ተኩል ውስጥ ይቀንሳል። መጣመሙ ግን ሊቆይ ይችላል። ሩካቤን የሚከለክል ከሆነ በሆስፒታል የሚረዳ ሐኪም አለ። በገዛ እጅ ለማቅናት መታገል ግን ጠባሳውን ያብሳል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጥቂት ጠመም ያለ፣ ምንም የማያምመውና ያልተለወጠ ከሆነ ደግሞ ተፈጥሮው ነው፤ ይተወው።

ሳይድን የሚቆይ

አንድ ቁስል ወይም ኪንታሮት መሰል ነገር 4 ሳምንት አልፎት ካልዳነ፣ እያደገ ከሄደ፣ ከደማ ወይም ከሸተተ፣ በተለይ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ፣ ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር አለበት። ይህ በሽታ ብዙ ሰው አይዘውም፤ በሕፃንነታቸው በተገረዙት ላይ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። በጊዜው ከተገኘ ብልቱን ሳያጡ መዳን ይቻላል። ሲቆይ ግን ሐኪሙ የሚቆርጠው ይበዛል። ይህም ነቀርሳ ሲጀምር አያምምም።

በጤና ጣቢያ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው። እንግዲህ የሚሆነውን እንንገራችሁ። ሐኪሙ ወይም የጤና መኮንኑ በሽተኛውን ለብቻው ያስገባዋል። «መቼ ጀመረዎት? ያምምዎታል? ከዚህ በፊት ነበረብዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ቦታውን ያያል፣ ብሽሽቱን ይዳስሳል፣ ደም ይወስዳል። ከቂጥኝ ጋር የኤች አይ ቪ ምርመራም ይደረጋል፤ የብልት ቁስል ኤች አይ ቪ በቀላሉ እንዲገባ በር ይከፍታልና።

ቁስሉ ገና በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንዲመለስ ቢነግረው፣ ወይም ውጤቱን ሳይጠብቅ ቢያክመው፣ «አንዴ የለብህም ተብያለሁ» ብሎ እንዳይቀር።

ቂጥኙ አዲስ ከሆነ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በ1 ቀን በመቀመጫ ላይ ይወጋል። የቆየ ወይም መቼ እንደ ያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ይወጋል። ቀድሞ ፔኒሲሊን ተወግቶ ገላው ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው አስቀድሞ ይናገር። በተወጋበት ቀን ትኩሳትና ራስ ምታት ቢመጣ አይደንግጥ፤ በ1 ቀን ውስጥ ይለቃል። እርጉዝ ሴት ግን ከመርፌው በኋላ ምጥ መሰል ቁርጠት ቢሰማት፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስባት ቶሎ ትመለስ። ቁስሉ ፈጽሞ እስኪድንና ሚስቲቱም ታክማ ቢያንስ 1 ሳምንት እስኪያልፍ ባልና ሚስት አብረው አይተኙ።

በቤት ማድረግ የማይገባ

ቅጠል ጨምቆ፣ አመድ ወይም ባሩድ ነስንሶ፣ በጋለ ብረት ተኩሶ ማከም አይገባም። ቆዳው ይላጣል፤ ሐኪሙም እውነተኛውን ምልክት መለየት ያቅተዋል። ለጎረቤት የታዘዘ እንክብል መዋጥ ወይም ከሱቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝቶ መቅመስ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያወጣም። ወደ ሐኪም እስኪደርሱ ድረስ ቦታውን በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥቦ ንጹሕ የውስጥ ልብስ መልበስ ይበቃል።

ደግሞም በከንቱ አትፍሩ። ቂጥኝና ጨብጥ በአንድ ማእድ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት ወይም በመጸዳጃ ቤት አይተላለፉም። በሽተኛውን ከማእድ መለየት ጭካኔ ነው እንጂ ንጽሕና አይደለም።

ባልና ሚስት እንዴት ይነጋገሩ?

ከመድኀኒቱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ባል፣ «ብነግራት ትዳሬ ይፈርሳል» ይላል። ሚስት፣ «ብጠይቀው ይቆጣኛል» ትላለች። በዚህ መካከል ልጁ ይጎዳል።

ቂጥኝ ተደብቆ ለዓመታት ስለሚኖር፣ ዛሬ በደም ምርመራ መገኘቱ ማን እንዳመጣውና መቼ እንደመጣ አይናገርም። ከጋብቻ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አመጣው?» ሳይሆን «እንዴት እንዳን?» ይሁን። ጠቡ ለኋላ ይቆያል፤ መርፌው ግን አይቆይም።

ሚስት እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «የልጆቼ አባት፣ ሰሞኑን ሲያስቡ አያለሁ። ያመመዎት ነገር ካለ አብረን እንሂድ፤ እኔም ለእርግዝናዬ መታየቴ አይቀርም።» ባልም፣ «አንቺ፣ አንድ ነገር አይቻለሁ፤ አላመመኝም፣ ግን ልታየው» ቢል ከክብሩ የሚጎድልበት የለም። ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ደግሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገር፤ እርሷ ወደ ጤና ጣቢያ ትመራዋለች። ሐኪምም የበሽተኛውን ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

ሳይውል ሳያድር የሚያስሮጥ

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ግን ለነገ የሚባሉ አይደሉም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሽንት ጨርሶ ሲከለከል፤ ወደ ኋላ የተሳበ ሸለፈት አልመለስ ብሎ የብልት ራስ ሲያብጥ፤ ብልት ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ ሲቀር፤ የጐረምሳ ወይም የሕፃን ቆለጥ በድንገት አብጦ በብርቱ ሲያምም። የመጨረሻው የቆለጡ መጠምዘዝ ሊሆን ስለሚችል፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ቆለጡ ሊሞት ይችላል። ልጁ አፍሮ «ሆዴን ነው» ሊል ስለሚችል እናት ጠበቅ አድርጋ ትጠይቀው።

ለማጠቃለል

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይላሉ። ያየነው ምልክት ምን እንደ ሆነ በቤት ውስጥ ተቀምጠን በግምት ልንለየው አንችልም፤ እንድንለየውም አይጠበቅብንም። የኛ ድርሻ ማየት፣ መናገርና መሄድ ነው። የሚያሳክክም ይሁን የማያሳክክ፣ የሚያምምም ይሁን የማያምም፣ የጠፋም ይሁን ያልጠፋ፣ በዚህ ቦታ ላይ አዲስ ቁስል ያየ ሰው በዚያው ሳምንት ይታይ። ተፈጥሮ ከሆነ ሐኪሙ «ደኅና ነህ» ብሎ ያሰናብተዋል፤ ጭንቀቱም ይቀርለታል። በሽታ ከሆነም ገና ትንሽ ሳለ ይገኛል።

ያ ከመተማ የተመለሰው ገበሬ በኅዳር ወር ግማሽ ቀን ወስዶ ጤና ጣቢያ ደርሶ ቢሆን ኖሮ፣ በክረምቱ መግቢያ ቤቱ የልቅሶ ሳይሆን የአራስ ቤት በሆነ ነበር።